ከብርሃን የፈጠነ ርዕስ

ባለፈው ሴሚስተር ለሳይንስ ዘገባ የደረሰኝ ጉዳይ በቅንጣት ማፍጠኛ ውስጥ ከመስመር የሚወጡ ቅንጣቶችን በኦፕቲካል ፋይበር መለየት ነበር። ጉድ ፈላ አልኩ። ፋይበር ለኔ የኢንተርኔት ገመድ ነው፤ እዚያ ምን ይሠራል?

ዘዴው ከተሞከረባቸው አንዱ ሜልቦርን ያለው የአውስትራሊያ ሲንክሮትሮን ነው፤ የኤሌክትሮን ቀለበቱ ዙሪያ 216 ሜትር ነው። ከመስታወት የተሠራው ፋይበር ከቱቦው ጎን ይዘረጋል። መስመር የሳተ ኤሌክትሮን ግድግዳውን ሲመታ የሚረጩት ቅንጣቶች ፋይበሩን ሲያቋርጡ ቼሬንኮቭ የሚባል ብርሃን ይፈጠራል። ብርሃኑ ጫፍ ላይ ያለው መለኪያ ዘንድ የደረሰበት ቅጽበት ቅንጣቶቹ የቱ ጋ እንደጠፉ ይጠቁማል።

እኔ ሆዬ «ከብርሃን የፈጠኑ ቅንጣቶች!» ብዬ ርዕስ ሰጠሁና ጽሑፉ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ፊዚክስ የሚማር የዶርም ጓደኛዬ አንብቦ፣ «አንተ፣ አንስታይንን ረታኸው እኮ!» አለኝ። ቅንጣቶቹ የሚቀድሙት በመስታወት ውስጥ ያለውን ብርሃን ነው፤ እሱ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በባዶ ቦታ ግን 300,000 ገደማ ነው፤ ያንን አያልፉም።

እውነቱን ልናገርና፣ ይህን አውቅ ነበር። «በመስታወት ውስጥ» የሚለውን የቆረጥኩት ርዕሱ እንዲስብ ብዬ ነው። በማግስቱ ሄጄ በእስክሪብቶ ጨመርኩበት። አሁን ርዕሱ ረዝሟል፤ አያምርምም።