ለትራክተሬ የሠራሁላት ጋቢና
በሚኒሶታ የበረዶ ወራት፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ወደ 25 ዲግሪ በሚወርድበት ማለዳ፣ በትንሿ ትራክተሬ ላይ ተቀምጬ የደጄን በረዶ ስጠርግ ነፋሱ ፊቴን እንደ ምላጭ እየቈረጠኝ ሦስት ዓመት ከታገሥሁ በኋላ፣ ዘንድሮ በገዛ እጄ ጋቢና ልሠራላት ወሰንሁ።

ዐፅሙን ከ25 ሚሊሜትር ቱቦላሬ በየድሁ፤ የጎኑን መስኮት በቀላሉ ከማይሰበረው ፖሊካርቦኔት አደረግሁ፤ የፊቱን ግን፣ ዝናብ መጥረጊያው እንዳይጭረው፣ በመስታወት ገጠምሁ። ከሁሉ ይልቅ ልቡናዬ የተጨነቀው፣ ትራክተር ሲገለበጥ የነጂውን ነፍስ ለማዳን ከወንበሩ ኋላ ስለ ቆመው የብረት ቅስት ነበር፤ ስዊድን በ1959 እ.ኤ.አ. በአዲስ ትራክተር ሁሉ ላይ እንዲኖር በሕግ ያዘዘችውን ይህን ዐቃቤ ሕይወት መብሳትም ሆነ መበየድ ኃይሉን ስለሚያደክመው፣ ጋቢናዬን በማቀፊያ ብሎን ብቻ አሰርኋት። የሞተሩ መርዘኛ ጢስ ሾልኮ እንዳይገባም የወለሉን ሽንቁር ሁሉ በጎማ ደፈንሁ፤ በዚህ ቸል ማለት ሞትን ወደ ቤት መጋበዝ ነውና።

ትናንት ሌሊት በረዶ ወረደ። በነግህ፣ ጸሎቴን አድርሼ ሞተሩን አስነሣሁና በሩን ዘጋሁ፤ ነፋሱ በውጭ ሲያፏጭ ሰማሁት፣ ፊቴን ግን አላገኘውም።