አክተር የማይሞትበት ዘመን

በአሶሳ ቪዲዮ ቤቶች ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው አንድ ሕግ ነበር፤ አክተር አይሞትም። ጥይት ቢዘንብበት፣ ከገደል ቢወረወር፣ መኪናው ቢጋይ፣ አክተሩ አቧራውን አራግፎ ይነሳል። ስለዚህ ፊልሙ ሲጀምር የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «አክተሩ የቱ ነው?» እሱ ከታወቀ የቀረው ቀላል ነው። ከእሱ ጋር የቆመ ጥሩ ሰው፣ በተቃራኒው የቆመ ወንበዴ።

ይህን ሕግ አልፎ አልፎ የሚጥሰው የሕንድ ፊልም ብቻ ነበር። በ«ሾሌ» መጨረሻ አሚታብ ባቻን ጓደኛውን አድኖ ሲሞት ቤቱ በጩኸት ይናጋል። ገንዘባችን ይመለስ የሚልም አይጠፋም። ያም ሆኖ የሕንዱ ሞት ልብ ይሰብራል እንጂ ሚዛን አያናጋም። ሟቹ ጥሩ ነበር፣ ገዳዩም መጥፎ ነበር፤ ተለቅሶ ይወጣል።

ቪዲዮ ቤት ማለት የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አግዳሚ ወንበር፣ በብርድ ልብስ የተጋረደ በርና በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ቴሌቪዥን ነው። የአሶሳን ሙቀት የሚያውቅ ሰው በመጋቢትና በሚያዝያ በዚያ ቤት ሁለት ፊልም አከታትሎ ማየት ምን ያህል ጽናት እንደሚጠይቅ ይገባዋል። ከአዲስ አበባ 670 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀን፣ ለኩርሙክና ለሱዳን ቀርበን፣ የዓለምን ደግና ክፉ የምንለየው እዚያ ውስጥ ላብ በላብ ሆነን ነበር።

ከዚያ ፕሌይስቴሽን መጣ። ቪዲዮ ቤቶቹ አንድ በአንድ አግዳሚያቸውን እያወጡ ጌም ቤት ሆኑ። በአብዛኛው የሚጫወቱት ኳስ ነው፣ ደንቡም ተሸናፊ ከፋይ። እኛ ግን ኳሱ ሲሰለቸን ወይም ኪሳችን ሲሳሳ ከባለቤቱ የሲዲ ክምር ውስጥ የማናውቀውን እናስመዝዝ ነበር። «ጎድ ኦፍ ዋር» የወጣው እንዲህ ነው። «ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስ» የወጣውም እንዲሁ። ሁለቱም በፈረንጆች 2005 ለፕሌይስቴሽን 2 የወጡ ናቸው፤ አሶሳ የደረሱት ግን የራሳቸውን ጊዜ ወስደው ነው።

ስለ ሁለተኛው ጨዋታ ትንሽ ልቆይ፤ የክርክራችን ሁሉ ሥር እሱ ነውና። አንድ ወጣት የሞተች ልጃገረድ በፈረሱ ጭኖ ሰው እንዳይገባበት ወደተከለከለ ምድር ይመጣል። ከቤተ መቅደሱ ጣሪያ የሚሰማ ድምፅ፣ በምድሩ ያሉትን 16 ግዙፍ ፍጥረታት ከገደልክ ልጅቷ ልትነሳ ትችላለች ይለዋል። ጨዋታው ይኸው ነው። ሌላ ጠላት፣ የሚሰበሰብ ገንዘብ፣ የሚወረር ከተማ የለም። ሰፊ ምድር፣ አንድ ፈረስና 16 ግዳይ ብቻ።

አምስተኛው ፍጥረት ትልቅ ወፍ ነው። ከሐይቅ መሐል በቆመ ዓምድ ላይ ተቀምጧል። ቀስት ካልወረወርክበት አይነካህም። ጆይስቲኩን የያዘው ከአምባ የሚመጣ ጓደኛችን ነበር፤ አምባ የምንለው በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሰዎች የሰፈሩባቸውን፣ በቁጥር የሚጠሩ መንደሮች ነው። ቀስቱን ወረወረ። ወፉ ተነስቶ እየዞረ ወደ ውኃው ሲወርድ ላባው ላይ ዘለለ። ከክንፍ ወደ ክንፍ፣ ከክንፍ ወደ ጭራ እየተሳበ ሰይፉን ሰካ። እኛ ከኋላው ቆመን «ያዝ! ያዝ! አትልቀቅ!» እንላለን። ወፉ ሲወድቅ ለእልልታ ተዘጋጅተን ነበር። ሙዚቃው ግን የለቅሶ ሆነ። ከሬሳው ጥቁር ክር መሳይ ነገር ወጥቶ ወጣቱን ወጋው፣ እሱም ተዘረረ። ቤቱ ጸጥ አለ።

ዝምታውን የሰበረው አንድ የበርታ ልጅ ነው። «ወፉ ምን አደረገው?»

«ልጅቷን ለማዳን ነዋ!» አለ ጆይስቲኩን የያዘው። «ምን ያድርግ ታዲያ? ትሙት?»

«ቦታው እኮ የወፉ ነው። ቁጭ ባለበት ነው የመጣበት።»

«እሱም ወዶ አልመጣም። ቸግሮት ነው።»

«የቸገረው ሰው የሰው ቤት ገብቶ ይገድላል?»

መብራት ጠፋ። በአሶሳ መብራት መጥፋቱ ብርቅ አልነበረም፤ በኋላ የአገሪቱ ትልቁ የኃይል ማመንጫ እዚሁ ክልላችን ጉባ ላይ ሊገነባ ነው ሲባል፣ «እንግዲህ ጌማችን አይቋረጥም» ብሎ የቀለደ አለ። የዚያን ዕለት ግን መብራቱ ቢሄድም የሄደ ሰው አልነበረም። በጨለማው ውስጥ ክርክሩ ቀጠለ። ማን ምን እንዳለ በድምፅ ብቻ ነው የሚለየው።

ያኔ ስለ ጌም የምንከራከር ይመስለን ነበር። ዛሬ መለስ ብዬ ሳስበው ሌላም ነገር ነበረበት። የአንዱ ጓደኛችን አባት ረሃብ ያፈናቀለው፣ መንግሥት በመኪና ጭኖ ያመጣው ሰው ነው። የሌላው አያት ደግሞ ያደነበት ጫካና ያረሰው መሬት ሳይጠየቅ ለሰፈራ የተወሰደበት ሰው ነው። ሁለቱም ልጆች ይህን ታሪክ ከየቤታቸው ሰምተው አድገዋል። ፊት ለፊት ተቀምጠው «አባትህ መሬታችንን ወሰደ»፣ «አባቴ ወዶ መሰለህ?» ቢባባሉ ጠብ ነው። ስለ ወፉና ስለ ባለ ፈረሱ ሲባባሉት ግን ማታውን ሙሉ ይከራከራሉ፣ ጠዋት አብረው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ያ ክርክር አሸናፊ አልነበረውም፤ ቢያንስ ግን እያንዳንዳቸው የሌላውን ወገን ቃል እስከ መጨረሻው ሰምተዋል።

«ጎድ ኦፍ ዋር» ሌላ ዓይነት ጭቅጭቅ አመጣ። ክራቶስ ተታሎ ሚስቱንና ልጁን በገዛ እጁ የገደለ ጦረኛ ነው። አክተራችን ይሄ ነው። በቪዲዮ ቤቱ ሕግ ከሄድን ከእሱ ጋር የቆመ ጥሩ መሆን ነበረበት፤ እሱ ራሱ ግን ጥሩ አይደለም። አንዳንዶቻችን ደሙን እያየን «ይሄ የትልቅ ሰው ጌም ነው» እንል ነበር። እውነቱን ለመናገር ያ ጨዋታ ትልቅ ሰው ከማድረግ ይልቅ ትልቅ ሰው መምሰል የሚወድ ጎረምሳን ያስደስታል። ያው ክራቶስ በፈረንጆች 2018 በወጣው ክፍል ጢሙ ሸብቶ፣ ልጅ እያሳደገ ተመለሰ። የሠራውን ለልጁ እንዴት እንደሚነግረው ጨንቆታል። ደሙ አሁንም አለ። ብስለቱ ግን ከደሙ ሳይሆን ከዚያ ጭንቀት ነው የመጣው።

ቀጥሎ የፍላሽ ዘመን ሆነ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተው አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ከየአቅጣጫው ተማሪ ሲያመጣ ሃርድ ዲስክም አብሮ መጣ። ከተማው ውስጥ ሙዚቃና ፊልም የሚጭኑ ሱቆች በዙ። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ሲዝን በሲዝን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ተዛመተ። የመጀመሪያው ሲዝን ሊያልቅ ሲል ኔድ ስታርክ አንገቱን ተቀላ። አክተሩ! ክፍሉን መልሶ ያየ አለ። በሚቀጥለው ይነሳል ብሎ የተወራረደ አለ። ከቪዲዮ ቤት የወረስነው ሕግ የተሻረው የዚያን ጊዜ ነው።

ክርክሩ አሁን ከጌም ቤት ወጥቶ ማንጎ ዛፍ ሥር፣ ከርከዴ ሻይ እየተጠጣበት ሆነ። ሕፃን ከመስኮት የወረወረ ጄሚ ላኒስተር፣ በኋላ ንጉሡን የገደልኩት ከተማውን ከቃጠሎ ለማዳን ነው ሲል እንዴት ይታያል? ባሪያ ነፃ አውጪዋ ዴኔሪስስ? አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አቋሙ ቁርጥ ያለ ነበር። «የበሰለ ድርሰት ይሄ ነው። ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ የልጆች ነው፤ ጥሩው ነጭ፣ መጥፎው ጥቁር። እዚህ ግን ንጹሕ ሰው የለም። ንጹሕ ከሌለ ደግሞ ብልጡ ይግዛ፣ ምን አለበት?»

ከእኛ ጋር ሻይ የሚጠጡ አንድ የታሪክ መምህር ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ሲያዳምጡ ቆይተው «ፍሮዶ መጨረሻ ላይ ቀለበቱን እሳት ውስጥ ጣለው?» ብለው ጠየቁት።

«አዎ… ማለት…»

«አልጣለም። የእኔ ነው ብሎ አጠለቀው። ዓለም የዳነው ያ ሁሉ ሰው ይገደል ሲል ፍሮዶ አዝኖለት በሕይወት ባቆየው በጎለም ምክንያት ነው። እሱም ቢሆን ቀለበቱን ነጥቆ ሲደሰት ወደቀ እንጂ ሊያድን አስቦ አይደለም። ይህን የጻፈው ሰውዬ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሶም ላይ ተዋግቷል። ጦርነትን ከማንኛችንም ይበልጥ ያውቃል። ጀግናው ወደቀ ብሎ ግን ሁሉም አንድ ነው አላለም።»

እኔ ከዚያ ሁሉ ክርክር የያዝኩት ይህን ነው። ሁሉም ቆሻሻ ነው ማለት ብስለት አይደለም፤ መፍረድ የሰለቸው ሰው ማረፊያ ነው። የልጅ ፍርድ ሰውን ያያል፤ አክተር ከሆነ ያደረገው ሁሉ ትክክል ነው። የተስፋ ቆራጭ ፍርድ ማንንም አያይም። የበሰለ ፍርድ ሥራውን ከሠሪው ለይቶ ይመዝናል። ችግሩን ይረዳለታል፣ በደሉንም በስሙ ይጠራዋል።

ለዚህ ደግሞ እስከ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ምድር፣ እስከ ዌስትሮስ መሄድ አያስፈልገንም ነበር። አንድ ቀን የበርታው ጓደኛችን አያት በአጠገባችን ሲያልፉ ስለ ምን እንደምንጨቃጨቅ ጠየቁ። «ሸኽ፣ አንድ ሰው ደግም ክፉም መሆን ይችላል ወይ ነው ነገሩ» አልናቸው። ሳቁና «ስለ ሼህ ሆጀሌ ነው የምታወሩት?» አሉ።

ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን የአሶሳ ገዢ ነበሩ። በ1890 ዓ.ም የራስ መኮንን ጦር አካባቢውን ካስገበረ በኋላ አዲስ አበባ ታስረው፣ ኋላ ለምኒልክ ወርቅ እየገበሩ ወደ ሹመታቸው ተመልሰዋል። የአዲስ አበባው ሸጎሌ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእርሳቸው ነው። በኢትዮጵያና በሱዳን ኃይሎች መሐል ሕዝባቸውንና ሥልጣናቸውን ያቆዩ ብልህ መሪ የሚላቸው አለ። ስማቸው ከባሪያ ንግድ ጋር ተያይዞ መነሳቱም የታወቀ ነው፤ ተሸጦ ወርቅ ያጠበ፣ ድንበር ተሻግሮ የቀረ ሰው ዘር ደግሞ ሌላ ትዝታ አለው። አዛውንቱ ሁለቱንም ነገሩን። ጥሩ ነበሩ ወይም መጥፎ ነበሩ ብለው አልዘጉትም። «ወርቁንም አስቡ፣ ወርቁን ያጠበውንም አስቡ» ብለውን ሄዱ።

ያ ዘመን አለፈ። ጌም ቤቶቹ ቢኖሩም የሚጫወቱት ኳስ ብቻ ነው። ፍላሹን ስልክ ተካው፤ ስልክ ደግሞ የአንድ ሰው ነው። በግንቦት 2011 ዴኔሪስ እጁን የሰጠ ከተማ በእሳት ስታጋይ፣ ድሮ ቢሆን ማንጎው ሥር ሳምንት የሚያከራክረንን ጉዳይ እያንዳንዳችን በየጆሮ ማዳመጫችን ጨርሰን ተኛን።

ከዚያ በፊትም ክልላችን ሌላ ፈተና ገጥሞት ነበር። ከ2010 ጀምሮ በራሷ በአሶሳ፣ በካማሺ፣ በኋላም በመተከል ሰዎች በማንነታቸው ተገደሉ፣ ብዙዎችም ተፈናቀሉ። ማንም ጌም ስላልተጫወተ ነው የሆነው አልልም፤ መሬት፣ ሥልጣንና የታጠቀ ሰው ያመጣው መከራ ነው። ነገር ግን በዚያ ወቅት ከየአፉ የሚወጣውን ወሬ ሰምቻለሁ። የቪዲዮ ቤቱ ሕግ ተመልሶ ነበር። የኛ ሰው አክተር፣ የነሱ ሰው ወንበዴ። የአምባውና የበርታው ጓደኞቼ በጨለማ ያደርጉት የነበረው ዓይነት ክርክር በየትም ሰፈር አልነበረም።

እንዲህ ላለው ክርክር የሚሆን የምናብ ሥራ በአማርኛም መጥቷል። «ዴርቶጋዳ» በ2001 ሲወጣ የጣና ገዳማትን፣ ስለላንና ሳይንስን ቀላቅሎ ስንቱን እንዳስነበበ እናውቃለን። «ጀምበር» የተባለው የኮሚክ መጽሐፍም ልዩ ኃይል ያለው ኢትዮጵያዊ ጀግና ሰጥቶናል። ጥሩ ጅምር ነው። ከበርታ፣ ከጉሙዝ፣ ከሺናሻ፣ ከማኦና ከኮሞ ተረቶች ተነስቶ የሚጻፍ ግን ገና ይቀራል። የበርታው መለከት ዋዛ የሚነፋበት፣ የቀርከሃ ጫካና የወርቅ ጉድጓድ ያለበት፣ ባለ ርስቱም መጤውም ቃል የሚያገኝበት ድርሰት ወይም ጌም የሚሠራ ወጣት ካለ፣ አንባቢ አያጣም።

እስከዚያው ወላጆችም ታላላቅ ወንድሞችና እህቶችም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጁ ስልኩ ላይ የሚያየውን ከመንጠቃችሁ በፊት አጠገቡ ተቀመጡ። «ማን አሸነፈ?» አትበሉት። «ያደረገው ልክ ነበር?» በሉት፤ መልሱንም እስኪጨርስ ስሙት።