አንድ ቃል ያስተማረኝ ትምህርት

ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤታችን የወላጆች በዓል ላይ ተገኝታችሁ የነበራችሁ ሁሉ፥ ያን ቀን የሠራሁትን ስሕተት ሳታስታውሱት አትቀሩም። ያልነበራችሁም ከጓደኞቻችሁ አፍ ሰምታችሁት ይሆናል። ነገሩን ሌላ ሰው ጨምሮበት ከሚነግራችሁ ይልቅ ባለቤቱ እኔው ራሴ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ። ደግሞም የእንግሊዝኛ ቃላት በማጥናት ላይ ለምትገኙ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሳይጠቅም አይቀርም።

እንደምታውቁት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም፥ ባዮሎጂውም፥ ታሪኩም የሚሰጠን በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ቃል ያጠረው ተማሪ ዕውቀት ያጥረዋል። ይህን በማሰብ 11ኛ ክፍል እንደ ገባሁ አንድ ደብተር ገዛሁና፥ በየቀኑ 20 ከባድ ከባድ ቃላት እየመረጥሁ እጽፍ ጀመር። በግራ በኩል እንግሊዝኛው፥ በቀኝ በኩል አንድ የአማርኛ ቃል ይሰፍራል። ጊዜና ቦታ ለመቆጠብ ስል ከዚያ በላይ አልጽፍም ነበር። በዚህ ዐይነት በ2 ወር ውስጥ 1,200 ቃላት ሰበሰብሁ። እናቴ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታ ለምግብ ቤቶች የምታስረክበውን እንጀራ ስትጋግር፥ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ድምፄን ከፍ አድርጌ እሸመድድ ነበር። እርሷም የምለው ሳይገባት «በርታ ልጄ» ትለኝ ነበር።

ነገር ግን ቃላቱ ሲበዙ ኩራቴም አብሮ በዛ። ለጓደኞቼ «ቢግ» የሚለው ቃል ይበቃቸው ነበር፤ እኔ ግን «ኮሎሳል» ካላልሁ የተናገርሁ አይመስለኝም ነበር። ቀላሉን ቃል እንደ አሮጌ ልብስ ናቅሁት።

የወላጆች በዓል ሲደርስ፥ 31 ዓመት ያስተማሩት የእንግሊዝኛ መምህራችን ጡረታ የሚወጡበት ጊዜ ነበርና በተማሪዎች ስም በእንግሊዝኛ የምስጋና ንግግር እንዳደርግ ተመረጥሁ። ንግግሩን ጽፌ ለማንም አላሳየሁም፤ ሰው ቢያርምልኝ ክብሬ የሚቀንስ መስሎኝ ነበርና። «ዝነኛ» ለማለት «ፌመስ» የሚለው ቃል ነበረ፤ ግን እርሱን ሁሉ ያውቀዋል ብዬ ተውሁት። ደብተሬን ባገላብጥ «ኖቶሪየስ፦ የታወቀ» የሚል አገኘሁና ደስ እያለኝ ገለበጥሁት።

በዚያም ቀን በሕዝቡ ፊት ቆሜ፥ ዛሬ የምንሰናበታቸው በከተማችን «ኖቶሪየስ» የሆኑ መምህር ናቸው አልሁ። በመጀመሪያ ከመምህራኑ በኩል ሳል ተሰማ፤ ቀጥሎም የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሳቁ። እኔ ሳቁ የደስታ መስሎኝ ቃሉን ደገምሁት። መምህሩ አንገታቸውን ደፉ። እናቴ ግን ከኋላ ተነሥታ ከሁሉ አብልጣ ታጨበጭብ ነበር።

ከመድረኩ ስወርድ አንድ ጓደኛዬ ነገሩን በጆሮዬ ነገረኝ። ወደ ቤተ መጻሕፍት ሮጬ ትልቁን መዝገበ ቃላት ብገልጥ «በክፉ ሥራው የታወቀ» ይላል። ለሌባና ለወንበዴ የሚሰጥ ቃል ኖሯል! እኔ ከትርጕሙ ግማሹን ብቻ ገልብጬ፥ ይህን ያህል ዘመን ያገለገሉትን ሰው በወላጆች ሁሉ ፊት ሰደብኋቸው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መመለሻ አልነበረውም።

ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። በአራተኛው ቀን ወደ መምህሩ ቤት ሄድሁ። «መምህር፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ልሰድብዎት አስቤ አልነበረም» ብዬ ከደጃፉ ላይ ቆምሁ። እርሳቸውም «ዐውቃለሁ፤ ግባ። ያን ደብተርህን ይዘኸዋል?» አሉኝ። ደብተሩን ገጽ በገጽ ካዩ በኋላ እንዲህ አሉ፦

«እኔ በልጅነቴ ቅኔ ቤት ሳለሁ ግስ በቃሌ አጠና ነበር። የኔታ ግን ግሱ ብቻ አይበቃህም፥ አገባቡንም ዕወቅ ይሉኝ ነበር። አንተም ግሱን ይዘህ አገባቡን ተውኸው። እስቲ በአማርኛ አስበው፤ አንድን ሽማግሌ ብልህ ነዎት ብትላቸው ይመርቁሃል፤ ብልጥ ነዎት ብትላቸው ግን ይቀየሙሃል። መዘምርና አዝማሪም ከአንድ ግስ፥ ዘመረ ከሚለው የወጡ ናቸው፤ ነገር ግን የቤተ ክርስቲያኑን መዘምር አዝማሪ ብለህ ጥራውና ጉድህን ታያለህ።»

ከዚያም ስለ እንግሊዝኛው አስረዱኝ። «ኖቶሪየስ» ሥሩ የላቲን ቃል ሲሆን ትርጕሙ በእርግጥ «የታወቀ» ነው፤ በቀድሞ ዘመንም እንዲያው ለታወቀ ነገር ሁሉ ይነገር ነበር። እየቆየ ግን ከክፉ ሰዎች ስም ጋር ስለ ተነገረ ክፉ ሆኖ ቀረ። «ናይስ» የሚለው ደግሞ «የማያውቅ» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን ቀድሞ ሰውን ሞኝ ለማለት ይነገር ነበር፤ ዛሬ ግን ምስጋና ነው። «እንግዲህ ቃልም እንደ ሰው ባልንጀራውን ይመስላል» አሉኝ። ሳሙኤል ጆንሰንም በ1755 እ.ኤ.አ. ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ባሳተመ ጊዜ፥ ትርጕሙን ብቻ ጽፎ ሳያበቃ ደራስያን በቃሉ እንዴት እንደ ተጠቀሙበት ከመጻሕፍታቸው እያወጣ ማሳየቱን ነገሩኝ።

ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ ለእናቴ መንገር ቀርቶኝ ነበር። ከሁሉ የከበደኝም ይህ ነው፤ በዚያ ንግግር ለጎረቤት ሁሉ ስትኮራ ሰንብታለችና። ነገሩን ሁሉ ከነገርኋት በኋላ ጥቂት ዝም ብላ «እኔ መች ቃሉ ገባኝና! ያጨበጨብሁት ልጄ ሳይፈራ ስለ ቆመ ነው። ይልቅስ ሰውየውን ይቅርታ ጠየቅሃቸው?» አለችኝ። «አዎን» አልኋት። «እንግዲያስ እንጀራው ሳይቀዘቅዝ ብላ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ የማጠናው በቀን 5 ቃላት ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ቃል ሙሉ ትርጕሙን፥ ከመጽሐፍ ያገኘሁትን አንድ ዐረፍተ ነገር፥ ከየትኞቹ ቃላት ጋር እንደሚውልና ለምስጋና ወይም ለነቀፋ እንደሚነገር እጽፋለሁ። ራሴም አንድ ዐረፍተ ነገር ሠርቼ ለመምህር አሳያለሁ። የፊተኛውንም ደብተር እንደገና በመመርመር ላይ ነኝ። ለምሳሌ «ስሌንደር» እና «ስኪኒ» የሚሉትን ሁለቱንም «ቀጭን» ብዬ ጽፌአቸው ነበር፤ ነገር ግን በፊተኛው የተጠራች ልጅ ደስ ሲላት በኋለኛው የተጠራች ትከፋለች። እንደዚህ ያሉትን ስመለከት፥ ያን ቀን በአንድ ቃል ብቻ መሳሳቴ ዕድለኛ አድርጎኛል እላለሁ።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ብሔራዊው ፈተና ቀርቧል፤ ብዙዎቻችን ረጅም የቃላት ዝርዝር ይዘን እንታያለን። ማጥናቱ መልካም ነው። ነገር ግን ቃሉን ከዝርዝሩ አውጥታችሁ መጽሐፍ ውስጥ ሲሠራ ሳታዩት አትመኑት፤ የጻፋችሁትንም ለሚያውቅ ሰው ለማሳየት አትፈሩ። እኔ ለአምስት ደቂቃ እርማት አፍሬ ለአንድ ዓመት ሳፍር ኖርሁ።

በመጨረሻም፥ ስድቡ በአደባባይ ነበርና ይቅርታውም በአደባባይ ሊሆን ይገባል። መምህራችን ይህን መጽሔት እንደሚያነቡ ዐውቃለሁ። ስለዚህ ያን ቀን ልለው ይገባኝ የነበረውን እዚህ ላይ እጽፈዋለሁ፦ መምህር ሆይ፥ በከተማችን «ፌመስ» ነዎት። ቀላሉ ቃል ይበቃል።