አንዲት ጊታር በዌምብሌይ

እ.ኤ.አ. ጁን 11 ቀን 1988 የኔልሰን ማንዴላን 70ኛ የልደት በዓል ለማክበር ከ70,000 በላይ ሕዝብ በለንደኑ የዌምብሌይ ስታዲየም ተሰበሰበ። የበዓሉ ባለቤት ግን አልነበሩም፤ በ1962 በአዲስ አበባ፣ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ጀምረው የነበሩት ታጋይ፣ በዚያው ዓመት ተይዘው ገና በአፓርታይድ እስር ላይ ነበሩ።

ለዳየር ስትሬትስ ሲል ትኬት የቆረጠው ወጣት ከድምፅ ማጉያው ነጎድጓድ ጋር ሲዘል ዋለ። የስቲቪ ወንደር መሣሪያ አንዱ ክፍል ጠፍቶ ዝግጅቱ በተስተጓጎለ ጊዜ ግን፣ ትሬሲ ቻፕማን ጊታሯን ብቻ ይዛ ወደ መድረኩ ተመለሰች። ስለ ድህነት አዜመች። ለጭፈራ የመጣው እግር ቆመ፤ ጆሮ ነቃ።

ማንዴላ በፌብሩዋሪ 1990 ተፈቱ፤ በኤፕሪልም እዚያው ስታዲየም ቆመው ሕዝቡን አመሰገኑ። ዘፈን ብቻውን የወህኒ በር አይሰብርም፤ የታሰረው እንዳይረሳ ግን ዘብ ይቆማል።