የላዮል ሴንጢ

ላዮል በደቡብ ፈረንሳይ፣ በኦብራክ አምባ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት፤ በስሟ የሚጠራው ታጣፊ ሴንጢም በ19ኛው መቶ ዘመን እዚያው ተወለደ። በነባሩ ወግ አንድ ባለሙያ ስለቱን፣ ሞላውንና የቀንድ እጀታውን ብቻውን ይገጣጥማል። የሰብሳቢ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በጀርባው ሞላ ላይ ነው፤ እዚያ ያለው የንብ ቅርጽና ከኋላዋ የሚወርደው ጌጥ በሞረድ ስለሚወጣ የአንዱ ሠሪ እጅ ከሌላው ይለያል። የሴንጢው እውነተኛ ውበትም ይኸው ነው። እጀታው ላይ በትንንሽ ሚስማሮች የተነጠበ መስቀል ይታያል፤ እረኞች ሴንጢውን ዳቦ ላይ ተክለው ይጸልዩ ነበር ይባላል። ስሙ ለረጅም ጊዜ በሕግ ሳይጠበቅ በመቆየቱ ርካሽ የፋብሪካ አምሳያ በዝቷል። ስለዚህ አዋቂ ገዢ በንቧ ብቻ አይረካም፤ ስለቱ ሲዘጋ መሃል ለመሃል መግባቱን፣ በሞላውና በእጀታው መካከል ብርሃን አለማለፉን ይመረምራል።