በቃ ያላልኩበት ጠዋት

አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ቃሉ "በቃ" ነው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ይሉኝታ ያዘኝና ዋጥኩት። ስለዚያ የተዋጠ ቃልና ስላስከፈለኝ ዋጋ ነው የምመሰክረው።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚህ አገር እንዳሉ ብዙ እህቶቼ፣ እንጀራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ፣ ከአልጋ ወደ ዊልቸር አሸጋግራለሁ። አንድ የክረምት ሌሊት ሺፍት ላይ ሆኜ አንዲት አዛውንት ከመታጠቢያ ቤት ሲወጡ እግራቸው ከዳቸው። ሮጬ በሁለት እጄ ደገፍኳቸው። እሳቸው አልወደቁም፤ የኔ አንገት ግን በዚያች ቅጽበት ሲጠመዘዝ ተሰማኝ።

በማግስቱ ከግራ ጆሮዬ ኋላ ሕመም ጀመረኝ። በዚህ ሥራ ላይ ላለ ሰው የአንገትና የወገብ ሕመም ብርቁ አይደለም። ይሄኛው ግን ሌላ ነበር። እንደ ጋለ ሽቦ ከማጅራቴ ተነስቶ ወደ ራስ ቅሌ ይወጣል፤ ብተኛም ብነሳም አይለቅም። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሕመም አሞኝ አያውቅም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ሦስት ቀን በማስታገሻ ቆየሁ። በአራተኛው ቀን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ "ካይሮፕራክተር ጋ ሂጂ እንጂ፤ የአሜሪካ ወጌሻ ማለት እኮ ነው። ኢንሹራንስሽም ይከፍላል" አለችኝ።

ወጌሻ ስትለኝ ልቤ ረጋ። ልጅ ሆኜ ደብረ ብርሃን ከግንብ ላይ ወድቄ የእጄ አንጓ ወልቆ ነበር። አባቴ አዝሎኝ ወጌሻ ቤት ወሰደኝ። ሽማግሌው እጄን በቅቤ እያሹ፣ "ስንተኛ ክፍል ነሽ? ማን ያስተምርሻል?" እያሉ ሲያጫውቱኝ ድንገት ሳብ አደረጉት። ቋ! ለቅሶዬን ሳልጨርስ ጣቶቼ ታዘዙልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ድምፅ ለእኔ የመዳን ድምፅ ነበር።

ድምፁ የመዳን ምስክር እንዳልሆነ የተማርኩት ኋላ ነው። መገጣጠሚያ ሲለጠጥ በውስጡ ባለው ፈሳሽ መሀል ድንገት ክፍተት ይፈጠርና ጋዝ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2015 የካናዳው የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጣት መገጣጠሚያ ሲንቋቋ በኤምአርአይ ቀርጸው ይህንኑ አሳይተዋል። ቋ ማለቱ ብቻውን አጥንት ወደ ቦታው ተመለሰ ማለት አይደለም።

ክሊኒኩ ንጹሕና ሞቅ ያለ ነበር። ፎርም ሰጡኝ። ስኳር አለብሽ? ደም ግፊት? የልብ ሕመም? ሁሉም ላይ "የለም" የሚለውን ምልክት አደረግሁ። ሕመሙ መቼና እንዴት እንደጀመረኝ፣ ከበፊቱ ይለይ እንደሆነ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። ባለሙያው ትሑት ሰው ነው፤ ሳቅ እያለ አናገረኝ። አስተኝቶ ማጅራቴን በጣቶቹ ዳበሰ፣ አገጬንና የራሴን ኋላ ያዘ፣ "ዘና በዪ" አለኝ። ከዚያም ወደ ቀኝ፣ በአንድ ቅጽበት። ቋ!

የፈላ ውሃ ከጆሮዬ ኋላ የፈሰሰ መሰለኝ። ግራ ፊቴን ውርር አደረገኝ። ያኔ ነው "በቃ" የሚለው ቃል አፌ ላይ የደረሰው። ግን ሰውየው ባለሙያ ነው፣ ነጭ ካፖርት ለብሷል፣ ትሕትናው ያሳፍራል። አስቸጋሪ ታካሚ እንዳልባል፣ ፈሪ እንዳልባል፣ ዝም አልኩ። እጆቹን ቀያየረና ወደ ግራ አዞረኝ። ቋ፣ ቋ።

ቀና ስል ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የአከርካሪ ሥዕል አብሮኝ ዘመመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን እንዲህ ያደርጋል፣ ውሃ ጠጪበት አለኝ። ድርሻዬን ከፍዬ ወጣሁ። መኪና ማቆሚያው ጋ ስደርስ ሰውነቴ ወደ ግራ ይጎትተኛል፤ በቆሙት መኪኖች እየተደገፍኩ ነው የሄድኩት። ማሽከርከር እንደማልችል ገባኝና ታላቅ እህቴን ደውዬ ጠራኋት።

ቤት ገብቼ ተኛሁ። ስቅታ ያዘኝ፤ አልለቅ አለኝ። እህቴ እንደ ልማዳችን፣ "ማነው እንዲህ የሚያነሳሽ?" አለችኝ። ሁለታችንም ፈገግ አልን። ያ ስቅታ ከአንጎሌ ሥር የሚመጣ የድረሱልኝ ጩኸት እንደነበር ማን ያውቃል?

በሥራዬ ስለ ስትሮክ ሥልጠና ወስጃለሁ። ፊት ከተጣመመ፣ ክንድ ከዛለ፣ አንደበት ከተያዘ ቶሎ 911 መደወል ነው። እናም ግድግዳውን ይዤ መስታወት ፊት ቆምኩ። ሳቅሁ፤ አፌ አልተጣመመም። ክንዶቼን ዘረጋሁ፤ ሁለቱም ቆሙ። ስሜን ጠራሁ፤ ትክክል ነው። ስትሮክ አይደለም ብዬ ተመልሼ ተኛሁ። የግራ ዓይኔ ሽፋን መውረዱን አይቼዋለሁ፤ እንቅልፍ ማጣት ነው ብዬ አለፍኩት። ዛሬ በብዙ ቦታ ሥልጠናው ላይ ሁለት ነገር ተጨምሯል፤ ሚዛን እና ዓይን። ድንገት ሚዛን መሳትና የዕይታ መዛባት ከኋለኛው የአንጎል ክፍል የሚመጣ ስትሮክ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ የማውቀው የድሮዎቹን ሦስቱን ብቻ ነበር።

አመሻሽ ላይ እህቴ ውሃ ሰጠችኝ። የጎነጨሁት ውሃ በአፍንጫዬ ተመለሰ። "እትዬ፣ መዋጥ አቃተኝ" ስል ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ወጣ። ስልኩን ያነሳችው ቃሌን ሳልጨርስ ነው።

ኢመርጀንሲ የተቀበለችኝ ሐኪም ገና ሳታየኝ፣ "በዚህ ሳምንት አንገትሽ ላይ የደረሰ ነገር አለ?" ብላ ጠየቀችኝ። በአንድ ጥያቄ ደረሰችበት። በሲቲ ስካን የአንገቴ ደም ሥሮች ታዩ፤ በግራ በኩል ያለው የአከርካሪ ደም ቅዳ ቧንቧ የውስጥ ሽፋኑ ተቀዷል። ኤምአርአዩ ደግሞ የአንጎሌ ግንድ ጎን ላይ ደም ያጣ ቦታ አሳየ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መርፌ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። እኔ ተኝቼ አሳልፌዋለሁ።

በማግስቱ ሐኪሟ ወረቀት ላይ ሥላ አስረዳችኝ። ወደ አንጎል ደም ከሚያደርሱት አራት ዋና ዋና ቧንቧዎች ሁለቱ በአንገት አጥንቶች ጎን ባሉ ቀዳዳዎች ውስጥ አልፈው ይወጣሉ። ከላይኛው አጥንት ሲደርሱ ይታጠፉና ወደ ራስ ቅል ይገባሉ። አንገት በኃይል ሲጠመዘዝ ቧንቧው እዚያ እጥፋት ላይ ይወጠራል። የውስጥ ሽፋኑ ከተቀደደ ደም በግድግዳው መሀል ይገባል፣ ይረጋል፤ የረጋው ተቆርጦ ወደ ላይ ከሄደ አንጎልን ደም ይነሳል።

"እና ሰውየው ነው ያደረገኝ?" አልኳት።

የመለሰችልኝን በታማኝነት ላስቀምጠው። መቀደዱ ሰውየው በጠመዘዘኝ ጊዜ ተጀምሮ ሊሆን ይችላል። አዛውንቷን በደገፍኩ ሌሊት ተጀምሮ፣ ያ እንግዳ ሕመም የሱ ምልክት ሆኖ፣ ጥምዘዛው አባብሶትም ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት 818 እንዲህ ያሉ ስትሮኮችን የመረመረ ጥናት ወጥቶ ነበር። ከስትሮኩ በፊት ካይሮፕራክተር ጋ መሄድ ከስትሮኩ ጋር ተያይዞ ተገኘ፤ ተራ ሐኪም ጋ መሄድም እንዲሁ። ተመራማሪዎቹ፣ ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ ቧንቧቸው ቀድሞ ተቀዶ፣ ሕመሙ ገፍቷቸው እርዳታ ፍለጋ የወጡ ሳይሆኑ አይቀርም አሉ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መግለጫ ደግሞ፣ ጥምዘዛው መንስኤ ነው ብሎ ባይደመድምም፣ ቁርኝት ስላለ ባለሙያዎች አንገት ከማዞራቸው በፊት ለታካሚው እንዲነግሩት መክሯል።

አንዳንዶች ይህን ሲሰሙ "እንግዲያው ሰውየው ነጻ ነው" ይላሉ። እኔ እንደዚያ አይታየኝም። ቧንቧዬ ቀድሞ ተቀዶ ከነበረ፣ ያን አንገት መንካት ይብስ ያልተገባ ነበር። ሐኪሟ የጠየቀችኝን ያንን አንድ ጥያቄ እሱ ጠዋት ጠይቆኝ ቢሆን ወደ ኢመርጀንሲ ይልከኝ ነበር። እኔም "እንዲህ ያለ ሕመም አሞኝ አያውቅም" ማለት ነበረብኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኬቲ ሜይ የተባለች የ34 ዓመት ሞዴል በሥራ ላይ ወድቃ አንገቷን ካመማት በኋላ ካይሮፕራክተር ጋ ሄዳ፣ በስትሮክ አልፋለች። የሞቷን ምክንያት የመረመረው የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ባለሥልጣን የደም ቧንቧዋ የተቀደደው በአንገት ጥምዘዛ ነው ብሎ መዝግቧል። የእሷን ታሪክ ያነበብኩት ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኜ ነው። ልጅ ነበራት። ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

ዘጠኝ ቀን በአፍንጫዬ በገባ ቀጭን ቱቦ ተመገብኩ። ቀጥሎ እንደ አጥሚት የወፈረ ውሃ በማንኪያ ሰጡኝ። ያንን ውሃ አውቀዋለሁ፤ በየቀኑ በእጄ አወፍሬ ለሌሎች የማጎርሰው ነው። "አገጭ ወደ ታች፣ አሁን ዋጪ" የምትለኝ ወጣት ድምፅዋ የኔ ድምፅ ነበር። ለስንቱ ሰው እንደዚያ ብያለሁ! ማንኪያው ሲቸኩል ምን ያህል እንደሚያስፈራ ግን አላውቅም ነበር። አንድ ቀን እጄን አንስቼ አስቆምኳት። ቆመች። ጠበቀችኝ። ያ መጠበቅ ከመድኃኒት እኩል አዳነኝ ብል ማጋነን አይመስለኝም።

መራመድን እንደ ሕፃን ተማርኩ፤ መጀመሪያ በዎከር፣ ከዚያ በምርኩዝ። ደም እንዳይረጋ በየቀኑ አስፒሪን ወሰድኩ። ከሦስት ወር በኋላ በተነሳሁት ስካን ቧንቧው መዳኑ ታየ። አብዛኞቹ የተቀደዱ ቧንቧዎች እንዲህ በወራት ውስጥ ይሽራሉ። አንጎል ላይ የደረሰው ግን ሁሉም አልተመለሰም። ግራ ፊቴና ቀኝ እጄ ሙቀትና ሕመም አይለዩም። የተቀዳልኝን ቡና በቀኝ እጄ እቀበላለሁ፤ ስኒው ይሙቅ ይቀዝቅዝ አላውቅም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ሰው እንዲሸበር አይደለም። እንዲህ ያለ የቧንቧ መቀደድ በዓመት ከ100,000 ሰው ሁለት ወይም ሦስት ሰው ላይ የሚታይ ነው፤ ይሁን እንጂ በወጣትና በጎልማሳ ዕድሜ ከሚደርሱ ስትሮኮች እስከ ሩብ የሚሆኑት ከሱ ይመጣሉ። ካይሮፕራክተሮችም በአሜሪካ ለዓመታት ተምረው ፈቃድ የሚያወጡ ናቸው፤ ብዙ ሰው ወገቡን ታክሞ እፎይ ብሏል። የአንገት ጥምዘዛ ግን የግድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የአሜሪካ ጥናት 272 የአንገት ሕመምተኞችን ሦስት ቦታ ከፍሎ ሲከታተል፣ ቤታቸው ቀላል እንቅስቃሴ የሠሩት በእጅ ከታከሙት ጋር ተቀራራቢ ለውጥ አግኝተዋል። ዛሬ አንገቴን የማክመው ፊዚዮቴራፒስት ባሳየችኝ እንቅስቃሴዎች ነው፤ ምንም ቋ የሚል ነገር የለውም።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ሄጄ ታናሽ ወንድሜን ፀጉር ቤት ድረስ ሸኘሁት። ፀጉር አስተካካዩ ጨርሶ ትከሻውን አሸት አሸት አደረገና አገጩን ያዘ። ምን ሊመጣ እንደሆነ አወቅሁ። "በቃ! አንገቱን ተውልኝ!" አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ልጁ ደነገጠ፤ ወንድሜ አፈረብኝ። "ይቅርታ ወንድሜ፣ ሙያህን ንቄ አይደለም" ብዬ ያገኘኝን ነገርኩት። ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ይሰሙ ነበር። እኔ ግን ትንሽም አላፈርኩም።

ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ፤ ከባድ ነገር ባላነሳም። አዛውንቶቼን ሳጥብ የውሃውን ሙቀት በግራ እጄ አንጓ እለካለሁ፤ ቀኙን አላምነውም። ከዚያም አንድ ጠብታ ክንዳቸው ላይ አድርጌ፣ "እንዴት ነው?" እላለሁ። "ይቃጠላል" ካሉኝ አቀዘቅዛለሁ፤ ለእኔ ቀዝቃዛ ቢሆንም አልከራከርም። ከማዞሬ በፊት እጠይቃለሁ። ፊታቸው ሲጨማደድ፣ ገና ቃሉ ከአፋቸው ሳይወጣ፣ እጄን አነሳለሁ።