እንጀራ የሌለበት ማዕድ

እህት ዓለም፣

ማክሰኞ ማታ ከሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ ሆነሽ ስትደውዪልኝ «አይዞሽ» ከማለት በቀር አንድ ቁም ነገር ሳልመልስልሽ ስልኩ ተዘጋ። «አይዞሽ» ለሁሉም የሚባል ነው፤ ማለቴንም ልብ አላልሽው ይሆናል። ስልክ ላይ እንባ እየቀደመኝ ስላስቸገረኝ ዛሬ ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንሁ።

ካልሽኝ ሁሉ ከጆሮዬ ያልወጣው አንድ ነገር ነው። «መርፌውንም ኪኒኑንም ችያለሁ፤ የልጄን እንጀራ ግን እኔው በእጄ ልከልክለው?» አልሽኝ። እኔም ከሰባት ዓመት በፊት እዚህ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የወጥ ቤቴ ወለል ላይ ተቀምጬ ይህንኑ ብያለሁ። ልጄ ያኔ 14 ዓመቱ ነበር። «አልሰራቲቭ ኮላይትስ» ብለው ጽፈው የሰጡኝን ወረቀት አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁና ሁለት ቀን ሙሉ አላወጣሁትም። ካላየሁት የሚጠፋ መስሎኝ ይሆናል። በእኛ ቋንቋ እንጀራ ምግብ ብቻ አይደለም፤ ሥራውም፣ ዕድሉም፣ ኑሮውም እንጀራ ነው የሚባለው። ለልጅ እንጀራ ነሳሁት ማለት እርግማን ይመስላል። ስለዚህ ያለቀስሽው ለትንሽ ነገር አይደለምና አትፈሪ፣ አልቅሺ።

ጥፋተኝነቱን ግን ከልብሽ አውጪልኝ። በርበሬ አብዝቼበት ይሆን፣ ጡት ቶሎ አስጥዬው ይሆን፣ ሁለት ሥራ ስሠራ ሳላየው ከርሜ ይሆን እያልሽ እንደምታድሪ አውቃለሁ። በሽታው የትልቁን አንጀት የውስጥ ሽፋን የሚያቆስል ነው፤ ከታች ከፊንጢጣ ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፣ በልጆች ላይ ብዙ ጊዜ አንጀቱን በሙሉ ያዳርሳል። ሰውነትን ሊጠብቅ የተፈጠረው የመከላከል ኃይል በገዛ አንጀቱ ላይ ይነሳበታል። ለምን እንደሚነሳ ቁርጡን የተናገረ ሐኪም የለም። የዘር ዝንባሌ አለበት፣ አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች አሉበት፣ አኗኗርና አካባቢም አለበት። ወደ እስራኤል በገቡ ቤተ እስራኤላውያን ዘንድ መጀመሪያ ብርቅ የነበረው የዚህ ወገን በሽታ፣ ዓመታት ሲቆጠሩ እየታየ መምጣቱን የዚያ አገር ሐኪሞች ጽፈዋል። ከዚህ ሁሉ መካከል ግን አንዲት እናት «ይኼን ባላበስለው ኖሮ» ብላ ለይታ የምታወጣው አንድ ድስት የለም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ በርበሬም አያመጣውም፤ ሲቀሰቀስ ያቃጥላል እንጂ።

እናቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል ስድስት ወር ሙሉ «አሜባ ነው፣ ደግማችሁ አስመርምሩት» ትለኝ ነበር። አልፈርድባትም። አገር ቤት ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው አሜባ ነው፣ ካልሆነም ኪንታሮት ይባላል። አንቺንም ብዙ ሰው ብዙ ይልሻል። ጠበሉን ውሰጂው፣ እኔም ወስጄዋለሁ፤ ኪኒኑን ግን ከጠበሉ ጋር አታጣይው።

አሁን ወደ ምግቡ ልምጣ። የምግብ ባለሙያዋ የሰጠችሽ ወረቀት ስፔሲፊክ ካርቦሃይድሬት ዳየት የሚባለው ነው፤ እኛ ቤት በአጭሩ «ኤስ ሲ ዲ» እንለዋለን። ታሪኩን ማወቅ እኔን ስላቀለለኝ ላንቺም ልንገርሽ። ሲድኒ ሃስ የተባለ የኒው ዮርክ የልጆች ሐኪም ሴልያክ ለሚባል ሌላ የአንጀት በሽታ ያወጣው አመጋገብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ሐኪም ከሆነው ልጁ ጋር መጽሐፍ አሳተመበት። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ላይ ኢሌን ጎትሻል የምትባል እናት፣ ያንቺ ልጅ የያዘው በሽታ የጸናባትን ትንሽ ልጇን ይዛ፣ ሐኪሞቹ ወደ ቀዶ ሕክምና ሲያዘነብሉባት ወደዚህ ሽማግሌ ሄደች። ልጅቷ ተሻላት። እናቲቱም ልጆቿን ካሳደገች በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሳይንስ ተማረች፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ የራሷን መጽሐፍ ጻፈች። ዛሬ ብዙ ቤት የሚመራው በዚያች ሴት ዝርዝር ነው። ያን ዝርዝር ለእኛ ያደረሰችውም እንደኛ ጨንቋት የምታበስል እናት ነበረች።

ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ አንጀቱ ሳይፈጨው የሚያልፍ ስታርችና ስኳር ባክቴሪያውን ያደልባል፣ ባክቴሪያው ቁስሉን ያባብሳል፤ ስለዚህ በቀላሉ የሚመጠጠውን ብቻ ስጡት። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ድንች፣ ስኳርና ወተት ይወጣሉ። ሽሮም የሽምብራ ስለሆነ ይወጣል፤ እኔን ከእንጀራው ይልቅ ያስለቀሰኝ እሱ ነው። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ የበሰለ ሙዝ፣ ማር፣ ቤት የተሠራ እርጎና ንጥር ቅቤ ይቀራሉ። ምስር በኋላ፣ ሲሻለው፣ ዘፍዝፈሽ ትሞክሪዋለሽ። «ጉራጌው በቆጮ፣ አፋሩ በወተት ያድግ የለም ወይ፣ እንጀራ ብቻ ነው እንዴ ሰው የሚያኖረው?» ብዬ ራሴን ሳጽናና ቆጮም ወተትም ዝርዝሩ ላይ ክልክል ሆነው አገኘኋቸው። ሳቅሁ። ልጄ ከታመመ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅሁት ያኔ ነው።

ከእርጎው ጀምሪ። ወተቱን እስኪፈላ አሙቂው፣ ጣት እስኪችለው አብርጂው፣ እርሾውን ጨምሪና 24 ሰዓት ሙሉ በሞቀ ቦታ አቆይው፤ ወተቱ ውስጥ ያለውን ስኳር ባክቴሪያው በልቶ እንዲጨርሰው ነው። የሱቁ እርጎ እንዲህ አይቆይም። እኔ ማሰሮውን በጋቢ ጠቅልዬ ኦቨኑ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ እሳቱን አልለኩስም፣ አምፖሉን ብቻ አበራለሁ። ማታ ወጥ ቤቱ ጨልሞ ያቺ አምፖል ስትበራ ሕፃን ያስተኛሁ ነው የሚመስለኝ። መጀመሪያ የሠራሁት ሆምጣጤ ነበር የሚያህለው። ልጄ አንድ ማንኪያ ቀምሶ፣ ፊቱን አኮማትሮ፣ «እማዬ፣ ይኼ ራሱ ታሟል» አለኝ። ማር ጨምሪበት።

እንግዲህ የማፍርበትን ልንገርሽ። በስምንተኛው ወር ልጄ ደህና ሆነ። ደሙ ቆመ፣ ክብደቱ ተመለሰ፣ ኳስ ሜዳ ወጣ። እኔም በወጥ ቤቴ አሸነፍሁ ብዬ ልቤ አበጠ። ሜሳላሚን የተባለውን ኪኒን መዋጥ ሰልችቶት ሲዘል እያየሁ ዝም አልሁት። ሐኪሙን አልጠየቅሁም። ስድስት ሳምንት አልፈጀም፤ ደሙ ተመለሰ፣ ጉልበቱ ከዳው፣ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ገባንና ደም ተሰጠው። ማንንም አላማርርም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሐኪሙ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሲያትል ያለው የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪሞች ይህን አመጋገብ በልጆች ላይ ሞክረው ለአንዳንዶቹ መልካም ውጤት ማየታቸውን ጽፈዋል፤ ልጆቹ ግን ጥቂት ናቸው፣ ብዙዎቹም ክሮንስ የሚባለው የዚህ በሽታ ወንድም የያዛቸው ናቸው። ለኮላይትስ መድኃኒት የሚተካ ሆኖ የተረጋገጠ ምግብ የለም። ይህን የምልሽ ምግቡን ንቄ አይደለም፤ ሰባት ዓመት አብስዬዋለሁ። ምግቡ ከመድኃኒቱ ጎን ይቀመጥ፣ በቦታው አይቀመጥ። ፕሬድኒሶን የተባለውን መድኃኒትማ በድንገት ማቆም አደጋ ነው፤ ቀስ በቀስ የሚያወርደው ሐኪሙ ብቻ ነው። ለአቅመ አዳም ለሚደርስ ልጅ ደግሞ ቁመት የሚጨምርበት ጊዜ ነውና ክብደቱን በየወሩ አስመዝኚው፤ ካልሲየሙንና ቫይታሚን ዲውን ባለሙያዋ ትከታተልልሽ፤ ከከሳ ዝርዝሩ ይላላለት። ወረቀቱ ለልጁ ነው የተጻፈው።

ፕሬድኒሶን ፊቱን እንደ ጨረቃ ያደርገዋል፣ ጠባዩን ይቀይረዋል፣ ረሃብ ደግሞ ይለቅበታል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የፍሪጅ በር ሲከፈት ትሰሚያለሽ። የተቀቀለ እንቁላልና የዶሮ ሾርባ አይጥፋ፤ ከሌለ የሚያገኘውን ይበላል።

የእኔውም በላ። አንድ ቅዳሜ ከልብስ ማድረቂያው ጀርባ የፒዛ ካርቶን አገኘሁ። ለሁለት ሳምንት እርጎ ሳረጋ፣ ዱባ ስልጥ፣ ከሥራ መልስ ሱቅ ለሱቅ ስዞር የከረምሁት ሁሉ ዓይኔ ላይ መጣና ጮኽሁበት፣ ክፉ ቃል ተናገርሁት። አንገቱን ደፍቶ ቆይቶ «ፒዛው አይደለም የናፈቀኝ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ መብላት ነው» አለኝ። ለካ በየጉርሻው «ይኼ ምን አለበት? ማን ሰጠህ? ሆድህ እንዴት ነው?» እያልሁ ልጄን ታማሚ ብቻ አድርጌው ኖሯል። ከዚያ ቀን በኋላ ዝርዝሩን ለእርሱ ሰጠሁት። ሱቅ አብሮኝ ይሄዳል፣ የጀርባውን ጽሑፍ የሚያነበው እርሱ ነው። ሲስት ይነግረኛል፤ እኔም እሽ እላለሁ። እሽ ማለቱ ከማብሰሉ ይከብዳል።

ሌላው ያስተካከልሁት ማዕዱን ነው። መጀመሪያ ለእርሱ ለብቻው በሳህን አቅርቤ እኛ ትሪ እንከብብ ነበር። ራቱን ይዞ ክፍሉ መግባት ሲጀምር ነው የነቃሁት። አሁን ራት ለሁላችን አንድ ነው፤ እንጀራ የሚያምረው ምሳውን ውጭ ይብላ። እንቁላል መትቼ ሰፊ መጥበሻ ላይ ስስ አድርጌ እጋግራለሁ፣ እንደ እንጀራ ይጠቀለላል፣ በእጅ ይቆረሳል። ዶሮውን አልጫ አደርገዋለሁ፣ ሲሻለው በርበሬ ጣል አደርግበታለሁ። እናቴ ለፋሲካ የመጣች ዓመት ስለዚህ ነገር አልነገርኋትም ነበር፤ ትሪውን አይታ ዝም አለች። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ከእንቁላሉ ቆርሳ ዶሮውን ጠቅልላ «ና፣ አፍህን ክፈት» አለችው። ያ የ15 ዓመት ጎረምሳ፣ ሰው ፊት ጉርሻ የሚያፍረው፣ አፉን ከፈተ። ሁለተኛም አጎረሰችው፤ አንድ ጉርሻ ያጣላልና።

የጾሙ ነገር ያስጨንቅሻል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ሥጋ፣ እንቁላልና እርጎ ከወጣለት ለዚህ ልጅ የሚተርፈው ከጎመን፣ ከካሮት፣ ከዱባና ከሙዝ ብዙም አያልፍም። የንስሐ አባታችንን ሳማክራቸው «ሕመምተኛ ነው፣ ይብላ፤ ዓመቱን ሙሉ እየጾመ አይደል እንዴ?» ብለው ሸኙኝ። አንቺም አማክሪ፣ ለብቻሽ አትብሰልሰዪ።

ትምህርት ቤቱን ፈጥነሽ አነጋግሪ። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ 504 የሚሉት ክፍል፣ እንዲህ ያለ ሕመም ላለበት ተማሪ ይሠራል። ከሐኪሙ ደብዳቤ አጽፊና ሳያስፈቅድ ወደ መጸዳጃ ቤት መውጣት እንዲችል ይጻፍለት። ለጎረምሳ ልጅ ከሕመሙ ይልቅ እጅ አውጥቶ መለመኑ ይከብደዋል።

«የልጄ ነገ ምን ይሆናል?» ብለሽኛል። ትንቢት አላውቅም። የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሺንዞ አቤ ይህ በሽታ የጀመራቸው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ እንደነበር ግን አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 በእርሱ ምክንያት ሥልጣን ለቀቁ፣ በአዲስ መድኃኒት ተሽሏቸው በ2012 ተመለሱ፣ በ2020 እንደገና ተነስቶባቸው ሲለቁ በአገራቸው ታሪክ ረጅሙን ዘመን የመሩ ሰው ነበሩ። በሽታው ይተኛል፣ ይነሳል፣ እንደገና ይተኛል። ከተነሳ የወጥ ቤትሽ ጥፋት ነው ብለሽ አትያዥው። ከስምንት ዓመት ገደማ በኋላ ካንሰርን ለመጠበቅ በኮሎኖስኮፒ በየጊዜው ማየት ይጀምራሉ፤ የእኔው ሊደርስ አንድ ዓመት ቀርቶታል፣ እኔም እየፈራሁ ነው።

ልጄ ይህን ስጽፍ አይቶ «ለማን ነው?» አለኝ፣ ነገርሁት። የልጅሽን ቁጥር ወስዷል። እሑድ ከሰዓት ይደውልለታል፤ በእንግሊዝኛ ስለ መጸዳጃ ቤት ሲቀልዱ ብትሰሚ በሩን ዝጊላቸውና ወጥ ቤት ግቢ። እኔም በዚያው ሰዓት እደውልልሻለሁ፤ ወተቱን ቀደም ብለሽ አፍልተሽ አብርጂው፣ እርሾውን አብረን እንጨምራለን።

እህትሽ